«ምንም አያመኝም፤ ታዲያ ቂጥኝ ከየት መጣ?»

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ 28 ዓመቴ ነው። ካገባሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። አሁን የአምስት ወር እርጉዝ ነኝ። ለክትትል ጤና ጣቢያ ሄጄ ከጣቴ ደም ወሰዱና ቂጥኝ አለብሽ፣ መርፌ መወጋት አለብሽ አሉኝ። ከኤች አይ ቪ ነፃ ነኝ። ደንግጬ ሳልወጋ ወደ ቤት ተመለስኩ። እኔ ምንም አያመኝም። ቁስል የለኝም፣ ፈሳሽ የለኝም። ከባለቤቴ በፊት የማውቀው አንድ ጓደኛዬን ብቻ ነው። ለባለቤቴ ስነግረው ‹እኔ ጤነኛ ነኝ፣ አንቺ ከየት አመጣሽው?› አለኝ። በማግስቱ ግን ከፋርማሲ አሞክሳሲሊንና ዶክሲሳይክሊን ገዝቶ መጣና ለሁለት እንዋጠው አለ። ከሁለት ዓመት በፊት በሰባት ወሬ የሞተ ልጅ ወልጃለሁ። አማቴ ያኔ ሾተላይ ነው ብለው ነበር። ምርመራው ተሳስቶ ይሆን? ከሽንት ቤት ይይዛል? ባለቤቴ በላዬ ላይ ሄዶ ነው ማለት ነው? መርፌውስ ልጄን አይጎዳብኝም?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ጥያቄሽ እጀምራለሁ፤ ቀን የሚቆጠርበት እሱ ነው። መርፌው ልጅሽን አይጎዳውም። የሚጎዳው መዘግየቱ ነው። ነገ ጠዋት ወደዚያው ጤና ጣቢያ ተመለሺና የመጀመሪያውን መርፌ ተወጊ። ማን አመጣው የሚለው ይቆይ። ከባድ ጥያቄ መሆኑን አውቃለሁ። ግን የሱን መልስ ስትፈልጊ አንድ ወር ካለፈ፣ ያ ወር የሚቆጠረው በሆድሽ ባለው ልጅ ላይ ነው። ባለቤትሽ የገዛውን ኪኒን ደግሞ አንድም አትዋጪ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ምንም ስላላመመሽ ምርመራው የተሳሳተ መስሎሻል። ቂጥኝ ግን ጠባዩ ይኸው ነው። በሽታውን የሚያመጣው ትሬፖኔማ ፓሊደም የሚባል፣ እንደ ቀጭን ሽቦ የተጠማዘዘ ባክቴሪያ ነው። ከገባ በኋላ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ በገባበት ቦታ ላይ አንድ ቁስል ያወጣል። ጠርዙ ጠንከር ያለ ነው። መሀሉ ንጹሕ ነው፣ መግል የለውም። አያምም። ወንድ ብልቱ ላይ ከወጣበት ሊያየው ይችላል። ሴት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከውስጥ ወይም የማህፀን በር ላይ ነው የሚወጣው። የማያምም ቁስል፣ ያውም በማይታይ ቦታ! ማን ያውቀዋል? ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ ሳይታከም በራሱ ይሽራል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። የሻረው ቁስሉ ብቻ ነው። ባክቴሪያው በዚያ ጊዜ ደም ውስጥ ገብቶ መላ ሰውነትን ዞሯል።

ከሳምንታት ወይም ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለተኛው ደረጃ ይመጣል። ሽፍታ፣ ትኩሳት፣ የንፍፊት እብጠት፣ አንዳንዴ ፀጉር እየተመደመደ መርገፍ። ይህም ሲመጣ ስሙን ይዞ አይመጣም። አንዱ አለርጂ ነው ይላል፣ ሌላው ምች ነው ይላል። አንድ አናጢ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ያሳየኝን አልረሳውም። መዳፉ ላይ ምስር ምስር የሚያካክሉ፣ ጠቆር ያሉ፣ ጠርዛቸው ቅርፊት ያነሳ ነጠብጣቦች ነበሩ። አያሳክኩትም። «ቫርኒሹ ነው ዶክተር» አለኝ። ቫርኒሹን ከተወ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ ነጠብጣቡ ግን አልጠፋም። ጫማውን አውልቅ አልኩት። የውስጥ እግሩም ላይ ያው ነው። ቫርኒሽ ደግሞ በእግሩ አይቀባም። ደሙ ሲታይ ቂጥኝ ነበር። መዳፍና የውስጥ እግር ላይ አንድ ላይ የሚወጣ፣ የማያሳክክ ሽፍታ ያየ ሰው በቀጥታ ደሙን ይመርመር።

ይህም ደረጃ በራሱ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ዝም ይላል። ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት ዝም ሊል ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚናገረው ደም ብቻ ነው። አንቺም እንዳልሽው ከሆነ ያለሽው እዚህ ደረጃ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ሳይታከሙ ከቀሩት ሰዎች ውስጥ ሲሶ ያህሉ ከረጅም ዓመታት በኋላ በልባቸው ትልቅ የደም ሥር፣ በአንጎላቸው፣ በዓይናቸው ወይም በአጥንታቸው ላይ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ዓይንና ጆሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ የግድ ዓመታት አይጠብቅም። በመጀመሪያዎቹ ወራትም ሊመጣ ይችላል። ድንገት ዕይታሽ ቢደበዝዝ፣ ጆሮሽ ቢጮህ ወይም የማይለቅ ራስ ምታት ቢይዝሽ ሳትውይ ሳታድሪ ተናገሪ።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ «ቂጥኛም» ስድብ ነው። በሽታን ስድብ ስናደርገው ሰው በሽታውን ከመናገር ሞቱን ይመርጣል። በሥራዬ ብዙ ያየሁት ይህንን ነው። «የአባላዘር በሽታ» የሚለውም ቢሆን ያሳስታል። አባለ ዘር ማለት የመራቢያ አካል ነው። ስለዚህ ሰው በሽታው እዚያው ቦታ ብቻ ያለ፣ እዚያ ምልክት ከሌለም የሌለ ይመስለዋል። ቂጥኝ የደም በሽታ ሆኖ መላ ሰውነት ውስጥ ነው የሚኖረው። ስሙን ሳታፍሪ ጥሪው። እንደ ወባ፣ እንደ ታይፎይድ ያለ ተላላፊ በሽታ ነው። መድኃኒትም አለው።

ወደ ምርመራው ልምጣ። ከጣትሽ አንድ ጠብታ ደም ወስደው ትንሽ ነጭ ፕላስቲክ ላይ አንጠባጥበው ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ መስመር ይወጣል። ይህ ኪት የሚፈልገው ራሱን ባክቴሪያውን አይደለም። ሰውነትሽ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ኪቱ በአመዛኙ የሚታመን ነው፤ መሳሳት ግን አልፎ አልፎ አለ። ከስህተቱ ይልቅ ማወቅ ያለብሽ ሌላ ነገር አለ። ቂጥኝ አንዴ የያዘው ሰው ታክሞ ከዳነ በኋላም ይህ ኪት በአብዛኛው ዕድሜውን ሙሉ «አለ» ይለዋል። ስለዚህ ውጤትሽ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ አሁን ያለ በሽታ፣ ወይም ቀድሞ ታክሞ የዳነ በሽታ። አንቺ ለቂጥኝ ታክመሽ አታውቂም። እንግዲህ አሁን እንዳለብሽ አድርገን ነው የምንይዘው።

አርፒአር ወይም ቪዲአርኤል የሚባል ሌላ የደም ምርመራ አለ። እሱ የበሽታውን ጉልበት በቁጥር ይናገራል፣ ለምሳሌ 1 ለ32። ከሕክምና በኋላ ቁጥሩ ወደ 1 ለ8 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው። ይህ ምርመራ ብቻውን ሲሠራ በእርግዝና፣ በወባና በሌሎች ሕመሞች ምክንያት ሊሳሳት ይችላል። ሁለቱ ምርመራዎች አብረው ሲታዩ ግን ሥዕሉ ይጠራል። እንዲሠራልሽ ጠይቂ። ደሙ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ቢወሰድ ጥሩ ነው፤ በኋላ ማወዳደሪያ ይሆናል። የአርፒአር ውጤት እስኪመጣ ብለሽ ግን መርፌውን አታዘግዪ። እርጉዝ ሴት በፈጣኑ ኪት ቂጥኝ ከተገኘባት በዚያው ቀን ትታከም የሚለው የዓለም ጤና ድርጅትም ምክር ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ምርመራው ተሳስቶ ቢሆን የምትከፍይው የመርፌ ሕመም ነው። ትክክል ሆኖ ሳትታከሚ ብትቀሪ ግን ዋጋው የልጅ ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ሽንት ቤት አይደለም። ይህ ባክቴሪያ ከሰው አካል ውጪ ብዙ አይቆይም፣ ቶሎ ይሞታል። በሽንት ቤት መቀመጫ፣ በፎጣ፣ በብርጭቆ፣ በልብስ፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። የሚተላለፈው እርጥብ ቁስል ካለበት ሰው ጋር በሚደረግ ግንኙነት፣ በአፍም ጭምር፣ እና ከእናት ወደ ጽንስ ነው። ጨብጥም እንደዚሁ ነው። በጨረቃ ስለሸናሁ ነው፣ የውሻ ሽንት ስለረገጥኩ ነው ሲባል ዛሬም እሰማለሁ። አይደለም።

አሁን ወደሚያንገበግብሽ ጥያቄ። ባለቤቴ በላዬ ላይ ሄዶ ነው ወይ? ይህን ምርመራው ሊነግርሽ አይችልም። ማንም ሐኪም ከዚህ ውጤት ተነስቶ ሊነግርሽ አይችልም። የደም ምርመራ ቀን አይጽፍም። ከአራት ዓመት በላይ ከሆነው ጓደኛሽ ይዞሽ ሳታውቂው ቆይተሽ ሊሆን ይችላል። ባለቤትሽ ከጋብቻችሁ በፊት ይዞት፣ ሳያውቀው አስተላልፎብሽ ሊሆን ይችላል። በትዳራችሁ ጊዜም የገባ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም የሚሆኑ ናቸው።

ግራ የሚያጋባው ደግሞ ይህ ነው። ቂጥኝ በግንኙነት የሚተላለፈው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ቁስሉና ሽፍታው ባለበት ጊዜ ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ለትዳር ጓደኛ የመተላለፉ ዕድል በጣም ይቀንሳል። ወደ ጽንስ ግን ከዓመታት በኋላም ይተላለፋል። ስለዚህ ባለቤትሽ ተመርምሮ ነፃ ሊሆን ይችላል። ያ አንቺን ጥፋተኛ አያደርግሽም። ቢገኝበትም እሱን ጥፋተኛ አያደርገውም። ሁለት የላቦራቶሪ ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠው ትዳር የፈቱ ሰዎች አይቻለሁ። ወረቀቶቹ የማይሉትን ነገር አንብበውባቸው ነው። ኪኒን መግዛቱንም እንደ ማስረጃ አትያዢበት። የፈራ ሰው ፋርማሲ ይሮጣል። ብዙ ወንድ ሐኪም ፊት ከመቆም ያንን ይመርጣል።

ስለ ኪኒኑ። አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ዘመድ መሆኑ ሰውን ያታልላል። ተውጦ በሰዓታት ውስጥ ከደም ይወጣል። የቂጥኝ ባክቴሪያ ደግሞ በጣም ዝግ ብሎ የሚራባ ነው። አንዱ ሁለት እስኪሆን ከአንድ ቀን በላይ ይወስድበታል። ስለዚህ መድኃኒቱ ለሳምንታት ሳይቋረጥ ደም ውስጥ መቆየት አለበት። ከፋርማሲ የተገዛ የአምስት ቀን ኪኒን፣ ያውም ለሁለት ተከፍሎ፣ ይህን አያደርግም። ዶክሲሳይክሊን እርጉዝ ላልሆነ፣ ፔኒሲሊን ለማይስማማው ሰው በሐኪም ትዕዛዝ ለ14 ወይም ለ30 ቀን የሚሰጥ እውነተኛ አማራጭ ነው። ለአንቺ ግን አይሆንም፤ የጽንሱን ጥርስና አጥንት ይጎዳል። አዚትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲንም ቢሆኑ ጽንሱን አስተማማኝ በሆነ መንገድ አያክሙትም። በእርግዝና ጊዜ እናትንም ልጅንም እንደሚያድን የተረጋገጠው ፔኒሲሊን ብቻ ነው።

ፔኒሲሊን ለቂጥኝ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ከዚያ በፊት ሰው በሜርኩሪና በአርሴኒክ ይታከም ነበር፤ መርዝ በመርዝ ማለት ነው። ከ80 ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም የቂጥኝ ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን አልተላመደም። ይህ ብርቅ ነገር ነው። ጨብጥን እዪው። ትናንት የሚያድኑት መድኃኒቶች ዛሬ አይነኩትም።

የምትወጊው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይባላል። የልብ ቫልቭ ሕመም ያለባቸው ልጆች በየወሩ ለዓመታት የሚወጉት ራሱ ነው። ነጭ ዱቄት ነው። በውኃ ሲበጠበጥ ወተት ይመስላል፣ ግን ወፈር ይላል። ቀጭን መርፌ ስለሚደፍን በወፍራም መርፌ፣ ቀስ እየተባለ ይገፋል። 2.4 ሚሊዮን ዩኒቱ ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ መቀመጫሽ ላይ ይሰጥሻል። ያምማል፣ አልዋሽሽም። አንድ ሁለት ቀን ስትቀመጪ ይሰማሻል። በሽታው መቼ እንደያዘሽ ስለማይታወቅ አንድ መርፌ አይበቃሽም። በሳምንት አንድ፣ ለሦስት ሳምንት ትወጊያለሽ። ሰባተኛው ቀን ሲደርስ ሂጂ። ቀጠሮ ካለፈብሽና ዘጠኝና አሥር ቀን ከሆነ ደብቀሽ እንዳትቀጥዪ። ተናገሪ። እርጉዝ ስለሆንሽ ከአንድ እንደ አዲስ ሊያስጀምሩሽ ይችላሉ።

ሁለት ነገር እንዳያደናግርሽ። አንደኛው አለርጂ ነው። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ወስደሽ ሰውነትሽ ሽፍ ብሎ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ከመወጋትሽ በፊት ንገሪያቸው። ያኔ ወደ ሆስፒታል ተልከሽ መድኃኒቱን ጥቂት በጥቂት እያላመዱ ይሰጡሻል። ከተወጋሽ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ቁጭ በይ። ከባድ አለርጂ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ሁለተኛው ግን አለርጂ አይደለም። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ብርድ ብርድ ሊልሽ፣ ሊያተኩስሽ፣ ሊቆረጥምሽ ይችላል። ባክቴሪያዎቹ በብዛት ሲሞቱ የሚመጣ ነው፣ በአንድ ቀን ያልፋል። ፓራሲታሞል መውሰድ ትችያለሽ። ይህ ትኩሳት አንዳንድ ጊዜ ማህፀንን ያነሳሳል። ሆድሽ እየጠነከረ እየላላ ቢያምሽ፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ቢቀንስብሽ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። ይህን ፈርተሽ ግን መርፌውን አትተዪ።

ሌላም ችግር ሊገጥምሽ ይችላል። ቤንዛቲን አንዳንድ ቦታ ያልቃል። አንዳንድ ባለሙያም አለርጂውን ስለሚፈራ መስጠት ያቅማማል። «መድኃኒቱ የለም፣ በምትኩ ይህን ኪኒን ውሰጂ» ከተባልሽ አትቀበዪ። የት እንደሚገኝ ጠይቂ። ሪፈር ይጻፍልሽ። ሌላ ከተማ ድረስም ቢሆን ሂጂ።

ስለ ሞተው ልጅሽ መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ጠይቀሻል። ሾተላይ የሚለውን ቃል እናቶቻችን ልጅ እየሞተ ለሚያስቸግር ሁሉ ይጠቀሙበታል። ዛሬ በሕክምናው በኩል ሾተላይ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የደም ዓይነት አለመስማማት ነው፤ የእናት ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን። እሱ ግን በአብዛኛው የመጀመሪያውን ልጅ አይነካም። ቂጥኝ ያልታከመላት እናት ግን በስድስትና በሰባት ወሯ ልጅ ማጣቷ የተለመደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከእናት ወደ ጽንስ የሚተላለፍ ቂጥኝን ልንከላከላቸው ከምንችላቸው የሞተ ልጅ የመውለድ ምክንያቶች ከወባ ቀጥሎ ሁለተኛው አድርጎ ያስቀምጠዋል። የአንቺ ግን በእርግጥ በዚህ ነው ልልሽ አልችልም። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የእንግዴ ልጅ ችግር፣ ሌላም ብዙ ምክንያት አለ። የደም ዓይነትሽን ካላወቅሽ ዛሬውኑ አስመርምሪ። ኔጌቲቭ ከሆንሽ በ28ኛው ሳምንትና ከወለድሽ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ ሌላ መርፌ አለ። ያኔ ባላወቅሽው ነገር ግን ራስሽን አትክሰሺ። ያልተመረመረን ነገር ማንም ሊያክም አይችልም ነበር።

የአሁኑ ልጅሽ ዕድል ጥሩ ነው። ሳይታከም ከቀረ ቂጥኝ ካለባቸው እርግዝናዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይበላሻሉ፦ ውርጃ፣ የሞተ ልጅ፣ ያለ ጊዜው መወለድ፣ ወይም በሽታውን ይዞ መወለድ። መርፌው የእንግዴ ልጁን አልፎ ጽንሱን እዚያው ሆድሽ ውስጥ ያክመዋል። ለዚህ ግን ከመውለድሽ ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት መጀመር አለበት። አንቺ አምስተኛ ወርሽ ላይ ነሽ። ጊዜ አለሽ፤ የሚባክን ግን የለሽም።

ባለቤትሽ አብሮሽ ይሂድ። ደሙ ይታይ። ነፃ ቢባልም ሐኪሙ አንድ መርፌ ሊሰጠው ይችላል። ምክንያቱም በቅርብ የያዘው ከሆነ ምርመራው ላይ ለመታየት ሳምንታት ይፈጃል። የዋጣቸውን ኪኒኖች ስማቸውን ይናገር፣ ባዶውን ማሸጊያ ይዞ ይሂድ። እሱ ሳይታከም አንቺ ብቻ ብትታከሚ በሽታው ሊመለስብሽ ይችላል። ቂጥኝ አንዴ ስለያዘ ደግሞ አይይዝም የሚባል ነገር የለም። ሁለታችሁም መርፌያችሁን ጨርሳችሁ አንድ ሳምንት እስኪያልፍ ግንኙነት ይቁም። ኮንዶም አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል፣ ግን ቁስሉ ኮንዶም በማይሸፍነው ቦታ ላይ ከሆነ አይጋርድም።

እንዴት ልንገረው ካልሽ፣ በማን አመጣው አትጀምሪ። «ልጃችን እንዳይሞትብን ሁለታችንም መወጋት አለብን ተባልኩ» በይው። ውሸት አይደለም፣ የነገሩ ዋና ቁም ነገር ይኸው ነው። ለመምጣት ካፈረ ጤና ጣቢያው የጥሪ ወረቀት ሊጽፍለት ይችላል። የሚመታሽ ወይም የሚያስፈራራሽ ከሆነ ግን ብቻሽን አትጋፈጪው። ለአዋላጅ ነርሷ ለብቻዋ ንገሪያት።

ኤች አይ ቪ ነፃ መሆንሽ ደስ ይላል። ግን የቂጥኝ ቁስል ለኤች አይ ቪ በር ይከፍታል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ድጋሚ ተመርመሪ። የጉበት ቫይረስ ቢ ተመርምሮልሽ እንደሆነ ካርድሽ ላይ እዪ። ካልተመረመረ ጠይቂ። ቢገኝ ልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ክትባት ያስፈልገዋል። «ፈሳሽ የለኝም» ያልሽውም ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም። ጨብጥና ክላሚዲያ ያለባቸው ብዙ ሴቶች ምንም አይሰማቸውም። በኋላ ግን የማህፀን ቱቦን ዘግተው መካንነት ወይም ከማህፀን ውጪ እርግዝና ያመጣሉ። አገራችን ውስጥ ብዙ ጤና ጣቢያ የሚያክመው ምልክትን አይቶ ነው፤ ላቦራቶሪው በሁሉም ቦታ የለም። የዚህ አሠራር ድክመት ምልክት የሌለውን ሰው ማለፉ ነው። በሌላ በኩል ፈሳሽ ያላት ሴት ሁሉ የአባላዘር በሽታ አለባት ማለትም አይደለም። ሲወለድ ልጅሽ ዓይን ላይ የሚቀባው ቲቲሲ ቅባት ከጨብጥ የሚመጣውን ዓይነ ስውርነት ለመከላከል ነው። አይቀባብኝ እንዳትዪ።

አንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ ደግሞ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ 374 ሚሊዮን አዲስ የቂጥኝ፣ የጨብጥ፣ የክላሚዲያና የትሪኮሞናስ ኢንፌክሽን ተከስቷል። አራቱም በመድኃኒት የሚድኑ ናቸው።

ልጁ ሲወለድ ደህና ቢመስልም ይመርመር። ቂጥኝ ይዞ የሚወለድ ሕፃን ብዙ ጊዜ ሲወለድ ምንም አይታይበትም። ከሳምንታት በኋላ ነው አፍንጫው የሚታፈነው፣ መዳፉ የሚላጠው፣ ጉበቱ የሚያብጠው። ፈጣኑ ኪት ለሕፃን አይሆንም። ያንቺ አንቲቦዲ ወደ እሱ ስለሚያልፍ ባይኖርበትም «አለ» ሊለው ይችላል። የሚሻለው የሱንና ያንቺን አርፒአር ማወዳደር ነው። አንቺ በደንብ ታክመሽ ከሆነ እሱም በአብዛኛው አንድ መርፌ ተወግቶ ክትትል ይደረግለታል። ካልታከምሽ ግን ከ10 እስከ 15 ቀን ሆስፒታል ተኝቶ በየቀኑ መወጋት ሊኖርበት ይችላል። ጡትሽን አጥቢው። ጡትሽ ላይ ቁስል ከሌለ ወተቱ ቂጥኝ አያስተላልፍም።

ሦስቱ መርፌዎች የተሰጡበት ቀንና መጠን፣ የአርፒአሩም ቁጥር በክትትል ካርድሽ ላይ ተጽፎ ይሰጥሽ። ፎቶ አንሺውና ስልክሽ ውስጥ አስቀምጪው። በሚቀጥለው እርግዝናሽ ያ ኪት እንደገና «አለ» ሲልሽ፣ ታክመሽ እንደነበር የሚመሰክርልሽ እሱ ነው። አሁን ደግሞ ምጥ ሲይዝሽ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። አዋላጇ ሳትጠይቅሽ አውጥተሽ አሳያት።